በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ፦ የስምንት ወር ልምዳችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ የኮምፒውተር ጉዳይ እንዲከታተሉ የተመደቡት ሦስት አባላት ያቀረቡት ንግግር)



የሥራ አመራር ኮሚቴው ስለ ማኅበራችን ኮምፒውተሮች እንድንናገር ጊዜ ሰጥቶናል፤ እናመሰግናለን። ሦስት ነን። አንዷ በትምህርት ቤት ጸሐፊነት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ አንዷ ነርስ፣ አንዷ የሱቅ ሒሳብ ያዥ። ኮሌጅ ገብታ የኮምፒውተር ሙያ የተማረች ከመካከላችን የለችም። ስለዚህ የምንነግራችሁ ካለፈው ኅዳር ወዲህ በእጃችን የነካነውን፣ እሺ ያለንንም እንቢ ያለንንም ነው።

ነገሩ የመጣው በገንዘብ በኩል ነው። ማኅበራችን ሁለት ላፕቶፖች አሉት። በአንዱ የቁጠባና የብድር መዝገባችን ይያዛል፤ በሌላው ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና የዚህ መጽሔት ጽሑፍ ይጻፋል። ሁለቱም አሥር ዓመት አልፏቸዋል፤ ራማቸው 4 ጊጋባይት ነው፤ ባትሪያቸው ስለሞተ ከሶኬት ከተነቀሉ ወዲያው ይጠፋሉ። የመዝገቡ ላፕቶፕ ጠዋት ተከፍቶ እስኪነሣ ድረስ ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ይደርስ ነበር። በዚህ ላይ ዊንዶውስ 10 የነጻ የደኅንነት ጥገናው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚያበቃ ተነገረ። በቅድመ ሁኔታ አንድ ዓመት የሚያራዝም መንገድ ነበር፤ ግን አንድ ዓመት ነገ ነው። ወደ ዊንዶውስ 11 እንዳንሻገር ደግሞ እሱ አዲስ ዓይነት ፕሮሰሰርና ‘ቲፒኤም 2.0’ የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ የእኛዎቹ የላቸውም።

እንግዲህ ሁለት አዲስ ላፕቶፕ ይገዛ ተባለ። ዋጋው ተጠይቆ ሲመጣ የችግር ጊዜ ብድር ሣጥናችንን ግማሽ የሚወስድ ሆነ። ያ ሣጥን ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም፤ ልጇ ሆስፒታል የገባባት፣ የቤት ኪራይ በድንገት የተጨመረባት፣ ባሏ ከሥራ የተቀነሰባት እኅት ሌሊትም ቢሆን ደውላ የምትጠይቀው እሱን ነው። እኛም “ገንዘቡ ከመነካቱ በፊት አንድ ወር ስጡን” ብለን ጠየቅን። ኮሚቴው ሰጠን።

ሊኑክስ ምን እንደሆነ ባጭሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው የኮምፒውተር ሲስተም እምብርት ነው። ከዚያ አስቀድሞ ከ1983 ጀምሮ በአሜሪካ ሪቻርድ ስቶልማን ‘ግኑ’ የሚለውን ሥራ ጀምሮ ነበር። የሁለቱ ሥራ ተጋጥሞ፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ሲጨምሩበትና ሲጠግኑት ዛሬ የደረሰበት ደርሷል። እኛ በልባችን የዕድር ድንኳን ነው ያልነው። ድንኳኑን ማን ሰፋው ብትሉ የብዙ ሰው እጅ አለበት፤ ለቅሶም ሠርግም ያለበት ይወስደዋል፤ ሲቀደድ ያየች ትጥፈዋለች። ልዩነቱ ድንኳን አንዷ ዘንድ ከተተከለ ሌላዋ ትጠብቃለች፤ ይኸ ግን ለሺህ ቤት በአንድ ቀን ቢተከል ከማንም አይጎድልም።

በዋጋ አይሸጥም ስንል አንዳንዶቻችሁ “ታዲያ የድሮውስ መቼ ተከፈለበት?” ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ሁለቱ ላፕቶፖች ሲገዙ ውስጣቸው የነበረው በየሱቁ እንደሚጫነው ክራክ የተደረገ ነበር፤ ብር አልወጣበትም። ስለዚህ ‘በነጻ’ መሆኑ ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር አይደለም። አማርኛችን ‘በነጻ’ን ከ‘ነጻ’ ይለየዋልና፣ ቁም ነገሩ ሁለተኛው ነው፤ ማንም ሳይቆልፍብን ከፍተን እናየዋለን፣ ለፈለግነው እናካፍለዋለን፣ የሚችል ሰው ካገኘን ያስተካክልልናል፣ ይህን ስናደርግም የምንደበቀው ሰው የለም። ይኸ ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ መዝገቡ ላይ አየነው፤ እደርስበታለን።

ከብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ‘ሊኑክስ ሚንት’ የሚባለውን፣ ከእሱም ‘ኤክስኤፍሲኢ’ የተባለውን ቀለል ያለ ገጽታ መረጥን። 2 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን እንኳ ይነሣል፤ 4 ቢሆን ይሻላል ይላሉ ሠሪዎቹ፤ የእኛው 4 ነው። የወሰድነው 22ኛው እትም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ጥገና ይደረግለታል። ፋይሉ 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ በሌሊት ጥቅል አወረድነው፤ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ በቂው ነው። ደስ ያለን ነገር ሳይጫን መሞከር መቻሉ ነው። ላፕቶፑ ከፍላሹ ይነሣል፣ ዋይፋዩ ይያዝ፣ ድምፁ ይሰማ፣ ስክሪኑ በደንብ ይታይ እንደሆነ ታያላችሁ፤ ካልወደዳችሁት ፍላሹን ነቅላችሁ ማጥፋት ነው፤ የድሮው እንዳለ አለ። በመጀመሪያ የደብዳቤውን ላፕቶፕ ለአንድ ሳምንት እንዲያ በፍላሽ ሠራንበት። ከዚያ ፋይሎቹን በሙሉ በውጭ ሃርድ ዲስክ በሁለት ቅጂ ካስቀመጥን በኋላ ጫንነው። አሁን ከተከፈተበት እስከሚጻፍበት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ቡና ለማፍላት ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ሆኗል።

ከሁሉ በፊት የተጨነቅነው ለአማርኛው ነበር። አማርኛ የማይጽፍ ኮምፒውተር ለእኛ ማኅበር ምን ያደርጋል? የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ‘ዩኒኮድ’ በሚባለው የዓለም የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ስለገባ፣ ሊኑክስ ላይ ለማንበብ ምንም አላስቸገረም። ‘አቢሲኒካ’ የሚባለው ያማረ ፎንት ከራሱ የፕሮግራም ማውጫ ተገኘ፤ በማንም ማሽን ላይ መጫንና ማካፈል የተፈቀደ ነው። ለመጻፍ ደግሞ በሌላ ቋንቋ የሚያስጽፈው መሣሪያ ስሙ ‘አይባስ’ ነው። አንዷ እናታችን ስትሰማ “አይባስ፣ ይብቃን!” ብላ ሁላችንንም አስቃናለች። በአይባስ ውስጥ ካሉት የአማርኛ አጻጻፎች አንዱ ደግሞ ‘ሴራ’ ይባላል፤ ማንም ላይ የተጎነጎነ ነገር የለበትም፣ የእኛን ፊደል በላቲን ቁልፎች ለመጻፍ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጣ ሥርዓት ስም ነው። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብላችሁ ስትነኩ ‘ሰላም’ ይወጣል። ትንሹ ቲ ‘ት’ ነው፤ ትልቁ ቲ ‘ጥ’ ይሆናል። ‘ሽ’ን ለማግኘት ኤክስን መንካት መጀመሪያ ግር ይላል፤ በሁለት ሳምንት ጣት ይለምደዋል። ይህን ያልወደደች ‘ኪማን’ የሚባለውን ጭና ትጠቀማለች፤ እሱም ክፍት ነው፣ በስልክም ይሠራል። ጡረተኛዋ ጸሐፊያችን ዕድሜዋን በታይፕራይተር የጻፈች ስለሆነች ሁለቱንም አማርራ፣ በመጨረሻ ኪማንን መርጣለች።

የከበደን የድሮው ጽሑፍ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን ከዓመታት በፊት የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የአማርኛ ፎንት ነበር። እነዚያ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ቦታ ላይ ሥለው ነው የሚያሳዩት፤ ፎንቱ ሲነሣ ከሥር የቀረው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። ደንቡን በሊኑክስ ስንከፍተው ያየነው ይህንኑ ነበር። ፎንቱን ብንጭንለት ለዓይን ይነበባል፤ ነገር ግን ‘ብድር’ የሚለውን ቃል ፈልግ ቢሉት አያገኝም፣ በቴሌግራም ቢለጥፉት ቆሻሻ ነው የሚሄደው። ይህ የሊኑክስ ጥፋት አይደለም፤ በማንኛውም ማሽን ላይ ያው ነው። ስለዚህ አሥራ አራቱን ገጽ እንደገና ጻፍነው። አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ትጽፋለች፣ አንዷ ከታተመው ጋር ታመሳክራለች፤ ሦስት ምሽት ፈጀ። በዚያ ንባብ ላይ በወሊድ ምክንያት እስከ ሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለች አባል እንደማትቀጣ የሚለው አንቀጽ ወጣ። አዳዲሶቹ አባላት እንዲህ ያለ አንቀጽ መኖሩን ሰምተው አያውቁም። አሁን ደንቡ በስልካችሁ አለ፤ ‘ወሊድ’ ብላችሁ ፈልጉት፣ ይመጣላችኋል።

ወደ መዝገቡ እንሂድ። የቁጠባና የብድር ሠንጠረዣችንን ከዓመታት በፊት የሠራልን ሰው ወለዱን የሚያሰላውን ቀመር በይለፍ ቃል ቆልፎት ነበር። ሰውየው ወደ ውጭ አገር ሄዷል፤ ቁልፉን የሚያውቅ የለም። ገንዘብ ያዣችን በየወሩ ቁጥር ታስገባለች፣ ማሽኑ መልስ ይሰጣል፣ መልሱ ከየት እንደመጣ ግን ለአባል ማሳየት አይቻልም ነበር። ‘ሊብረ ኦፊስ’ በሚባለው፣ ከሚንት ጋር አብሮ በሚመጣው የቢሮ ፕሮግራም ስንከፍተው ስሞቹና ቁጥሮቹ በሙሉ መጡ፤ የተቆለፈው ቀመር ግን አልሠራም። መጀመሪያ ደንግጠን ነበር። በኋላ ሒሳብ ያዥዋ “እንግዲያው ራሳችን እንሥራው” አለች። የብድር ደንባችን ወለዱን በግልጽ ጽፎታል፤ ቀመሩ ብዙ አልነበረም፤ ቀሪ ብድር በወለዱ ተባዝቶ ለወሩ ተካፍሎ ነው። አስቸጋሪው ማመሳከሩ ነበር። የእያንዳንዷን አባል የቁጠባ ደብተር ሰብስበን፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አንድ በአንድ አስገብተን አየነው። ከጥቂት ሳንቲም በቀር ገጠመ። ሳንቲሟም የመጣችው የድሮው በየወሩ ሲያጠጋጋ አዲሱ በመጨረሻ ላይ ብቻ ስለሚያጠጋጋ ነው።

አሁን ማንኛዋም አባል ቢሮ መጥታ “የእኔ ወለድ እንዴት ይህን ያህል ሆነ?” ብትል፣ ገንዘብ ያዣችን ሣጥኗን ነክታ ቀመሩን ታሳያታለች። ባለፈው ሚያዝያ አንዲት እናት እንዲሁ ጠይቃ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣ፣ በእጇ ወረቀት ላይ ደምራ አረጋግጣ ነው የሄደችው። ፋይሉን የምናስቀምጠው ‘ኦዲኤፍ’ በሚባለው፣ አሠራሩ ለሁሉ በታተመና እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ በጸደቀው ዓይነት ነው። ነገ ሌላ ፕሮግራም ብንጠቀም፣ ወይም ከእኛ በኋላ የሚመጡት ሌላ ቢመርጡ፣ መዝገቡ አብሯቸው ይሄዳል። ያም ሆኖ በየወሩ መጨረሻ በወረቀት ታትሞ ይፈረምበታል። ወረቀትን አልተውንም፤ እንድንተውም አንመክርም።

ስለ መዝገቡ ምስጢር ጥቂት መናገር አለብን። እዚህ ተቀምጠን የምናውቀው ነገር ነው፤ ቁጠባዋን ቤቷ ውስጥ የማያውቅባት አባል አለች፣ የተበደረችውንም እንዲሁ። አንዳንዷ የምትቆጥበው ክፉ ቀን ቢመጣ ከልጆቿ ጋር የምትወጣበት ገንዘብ ነው። ላፕቶፑ ቢሰረቅ፣ ወይም ለጥገና ሱቅ ቢሰጥ፣ የድሮው አያያዝ ማንም ከፍቶ የሚያየው ነበር፤ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ መሰካት ብቻ ይበቃል። ሚንት ሲጫን “ዲስኩ በሙሉ ይመስጠር?” የሚል ምርጫ አለው። የመዝገቡን ላፕቶፕ መሥጥረነዋል። ሲነሣ የይለፍ ሐረግ ይጠይቃል፤ ያለ እሱ ዲስኩ ውስጥ ያለው ትርጉም የለውም። ሐረጉ ቢረሳ ግን ሠሪዎቹም፣ እኛም፣ ማንም አይከፍተውም። ስለዚህ ሐረጉን በወረቀት ጽፈን፣ በሁለት ፖስታ አሽገን፣ አንዱ ሊቀ መንበሯ ቤት፣ ሌላው በባንክ ካለው ሰነዳችን ጋር ተቀምጧል። የመጠባበቂያ ቅጂውም በተመሠጠረ ዲስክ ነው። በዚህ ነገር ላይ ጠንከር ብለን ነው የምንናገረው፤ የአባል ስም ከነብድሯ ያለበት ፋይል በፍላሽ ተይዞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት አይሂድብን።

ፎቶ ኮፒ ቤት ካነሣን ስለ ፍላሽ ቫይረስም እንንገራችሁ። ጽሑፍ ልታሳትሙ ሄዳችሁ ስትመለሱ፣ ፍላሹ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ‘ሾርትከት’ ሆነው ይገኛሉ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስንት እኅት የልጇ ፎቶ ጠፋ ብላ አልቅሳለች! ብዙ ጊዜ ፋይሉ አልጠፋም፤ ቫይረሱ ደብቆት በቦታው የውሸት በር አስቀምጧል። በሊኑክስ ስትከፍቱት የውሸቱ በር አይሠራም፣ የተደበቀውም ፎልደር ይታያል። የአራት አባላትን ፍላሽ እንዲህ አድነናል። ይህ ማለት ግን ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም ማለት አይደለም፤ ያ ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ነው እንጂ። ከየትም የተገኘን ፕሮግራም መጫን እዚህም ክልክል ነው፤ ከሚንት የራሱ ማውጫ ብቻ ነው የምንጭነው።

እንቢ ያለንን ደግሞ ሳንደብቅ። ፕሪንተራችን እንቢ ብሏል። ሠሪው ድርጅት ለሊኑክስ የሰጠው ድራይቨር አሮጌ ነው፤ አንድ ገጽ አትሞ ሁለተኛው ላይ ይቆማል። አምስት ቅዳሜ ታግለነው ትተነዋል። አሁን ጽሑፉን ፒዲኤፍ አድርገን ወይ በስልክ በኩል እናትማለን፣ ወይ ውጭ እናሳትማለን። ሁለተኛ፣ ከመሥሪያ ቤቶች የሚላክልን የዎርድ ቅጽ በሊብረ ኦፊስ ሲከፈት አንዳንዴ መስመሩ ይፋለሳል፣ ማኅተም ቦታው ይሸሻል። እኛ የምንልከውን ሁልጊዜ በፒዲኤፍ ነው የምንልከው፤ የሚመጣውን ግን እያስተካከልን ነው የምንሞላው። ሦስተኛ፣ ሱቆች የሚጠቀሙባቸው የሒሳብ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው። ሒሳብ ያዥዋ እኅታችን በሥራ ቦታዋ ያንኑ ትጠቀማለች፤ በቤቷ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጭናለች። እንጀራዋ የሚበላው በዚያ ፕሮግራም ከሆነ፣ ተይው የምትላት የለችም።

መብራትም አለ። ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ አፕዴት በማድረግ ላይ እያለ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሥራው መሐል ላይ ቀርቶ ነበር። የተቋረጠውን የሚያስጨርስ አንድ መስመር ትእዛዝ አለ፤ በላቲን ፊደል በትልቁ ጽፈን ላፕቶፑ ክዳን ላይ ለጥፈነዋል። ከዚያ ወዲህ አፕዴት የምናደርገው ዩፒኤስ ካላት አባል ቤት ነው፤ ‘ታይምሺፍት’ በሚባለውም ወደ ኋላ መመለሻ አስቀድመን እናስቀምጣለን።

“እኔ ላፕቶፕ የለኝም፣ ይህ ምን ይመለከተኛል?” የምትሉ፣ ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ እምብርቱ ሊኑክስ ነው፤ ሳታውቁት ዓመታት ይዛችሁታል። የልጆቻችሁን ፊልም የምታዩበት ‘ቪኤልሲ’ም በፓሪስ ተማሪዎች የተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ነው። የስልኩን ሲስተም ራሱን መቀየር ግን አንመክርም። የባንክ መተግበሪያ አሻፈረኝ ሊል ይችላል፤ ገንዘባችሁ ያለው እዚያ ነው።

ሁለቱ አዲስ ላፕቶፖች አልተገዙም። ሣጥኑ እንዳለ ነው፤ በእነዚህ ስምንት ወራት ውስጥም ለአምስት አባላት ብድር ወጥቶበታል። ያወጣነው ሁለት ያገለገሉ ኤስኤስዲ ዲስኮች ለመግዛት ብቻ ነው፤ ደረሰኙ ከገንዘብ ያዣችን ዘንድ ይገኛል። ለፍጥነቱ ግማሹ ምስጋና የእነሱ መሆኑን መናገር ተገቢ ነው፤ ሁሉን ለሊኑክስ ብቻ ብንሰጥ እውነት አይሆንም።

ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ከምሳ በኋላ በቢሮው እንገኛለን። ላፕቶፕ ያላችሁ ቻርጀሩን ጨምራችሁ አምጡ፤ ልጆቻችሁንም ብታመጡ ደስ ይለናል፣ ከእኛ ቶሎ ይገባቸዋል። ማንም ላይ በመጀመሪያው ቀን አንጭንም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሥራ ፎቶዎቻችሁንና ሰነዶቻችሁን በሁለት ቦታ መገልበጥ ነው፤ ሁለተኛው በፍላሽ ማየት ነው፤ ሦስተኛው ላይ ትወስናላችሁ። ፍላሽ የሌላት ከእኛ ትዋሳለች፤ አምስት አሉን፣ ስም እየተጻፈ ይወጣል። በሊኑክስ የሚሠራ ፕሪንተር ቤቷ ያላት እኅት ካለች ደግሞ ከስብሰባው በኋላ ታነጋግረን፤ የሐምሌው መጽሔት ገና አልታተመም።